መሪ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መገመት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «በሥልጣን ላይ ያለ መሪ ሊሸነፍ ይችላል በሚባልበት ምርጫ፣ ከተሸነፈ በኋላ የሚያደርገውን ከወዲሁ መተንበይ ይቻላል? እኔ የሰውየውን ጠባይ ማወቅ በቂ ይመስለኛል። ግትር ከሆነ ወንበሩን አይለቅም፣ ጨዋ ከሆነ ያስረክባል። ጓደኞቼ ግን አይስማሙም። ደግሞስ ትንበያውን በመቶኛ ማስቀመጥ ይቻል ይሆን?»

መልስ፦ በተወሰነ ደረጃ ይቻላል። በጠባይ ጉዳይ ግን የጓደኞችዎ ወገን ነኝ።

ሁለት ሰዎችን ልጥቀስልዎት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በ1975 ፍርድ ቤት የምርጫ ሕግ ጥሰዋል ብሎ ሲፈርድባቸው ከሥልጣን አልወረዱም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጡ። ተቃዋሚዎችን በገፍ አሰሩ፣ ጋዜጦችን በሳንሱር ያዙ። ያን ጊዜ «እኚህ ሴት በምርጫ አይለቁም» ብሎ የተነበየ ሰው ቢኖር ማንም አይፈርድበትም። በ1977 ግን ራሳቸው ምርጫ ጠሩ፣ ተሸነፉ፣ የራሳቸውን የፓርላማ መቀመጫ ሳይቀር አጡ። ወዲያው ሥልጣን ለቀቁ። በ1980 መራጩ ራሱ መልሶ አመጣቸው።

የኒካራጓው ዳንኤል ኦርቴጋ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማሉ። አብዮት መርተው ሥልጣን የያዙ ሰው ናቸው። በ1990 በቪዮሌታ ቻሞሮ ሲሸነፉ ውጤቱን ተቀብለው አስረከቡ። በ2006 በምርጫ አሸንፈው በ2007 ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሽንፈት ደጃፋቸው እንዳይደርስ አድርገዋል። በ2021 ሊወዳደሯቸው ያሰቡ ፖለቲከኞች ገና ድምፅ ሳይሰጥ ታሰሩ። ሰውየው አንድ ነው፣ መልሱ ግን ሁለት ተቃራኒ ነው። ጠባይ ይህን ሊያስረዳን አይችልም።

ምን ያስረዳናል? በ1990 ኦርቴጋ ሥልጣን ሲለቁ ሁሉን ነገር አላጡም። ወንድማቸው ሁምበርቶ ኦርቴጋ እስከ 1995 የጦሩ አዛዥ ሆነው ቆዩ። ፓርቲያቸው በምክር ቤቱ ጠንካራ ተቃዋሚ ሆነ። ራሳቸውም ለደጋፊዎቻቸው «ከታች ሆነን እንገዛለን» አሉ። በሌላ አነጋገር፣ ሽንፈቱ ቤታቸውን አላፈረሰባቸውም። እኔ አንድ መሪ ምን ያደርጋል ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በማግሥቱ ምን ይጠብቀዋል? ቀጥዬ ደግሞ፣ አልለቅም ቢል እሺ ብለው ሊታዘዙት የሚገቡት ሰዎች እነማን ናቸው? የሰውየው ጠባይ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ጥያቄዎን ልሰንጥቀው፤ ውስጡ ሁለት ጥያቄ ስላለ። አንደኛው «ተሸንፌያለሁ ይላል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ቢሮውን ይለቃል ወይ?» የሚለው ነው። ሰው ሁለቱን እየደባለቀ ይወራረዳል፣ ከዚያ ማን እንዳሸነፈ ይጨቃጨቃል። የብራዚሉ ጃይር ቦልሶናሮ በ2022 ተሸንፌያለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ለሁለት ቀን ያህል ዝም አሉ፣ ከዚያ ወጥተው ለሁለት ደቂቃ ያህል ተናገሩ፣ ስለ ሽንፈት ግን አላነሱም። የርክክቡን ሥራ መጀመር ያሳወቁት የጽሕፈት ቤታቸው ኃላፊ ናቸው። በዓለ ሲመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍሎሪዳ ገቡ። ደጋፊዎቻቸው በጃንዋሪ 8 ቀን 2023 የመንግሥት ሕንፃዎችን ወረሩ፤ ሥልጣኑ ግን ቀድሞ ተላልፏል። ዶናልድ ትራምፕም በ2020 ተሸነፍኩ አላሉም፣ በቀነ ቀጠሮው ግን ከዋይት ሐውስ ወጥተዋል። ስለዚህ ሁለት ትንበያ ያስፈልግዎታል፣ ለየብቻው።

መሪው ከምርጫው በፊት የሚናገረው ነገር የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ቦልሶናሮ የምርጫ ማሽኖቹን ለዓመታት ሲያጥላሉ ቆይተዋል። ትራምፕ ገና በ2016 «ውጤቱን ይቀበላሉ ወይ?» ተብለው በክርክር መድረክ ሲጠየቁ በእንጥልጥል ላቆያችሁ ብለው አልፈዋል። ሁለቱም ሲሸነፉ ያሉት ቀድሞ ያሉትን ነው። ይሄ ብዙም ምርምር አይጠይቅም። ንግግር ግን መሪው ይለቃል ወይ ለሚለው ደካማ ምልክት ነው። የጋምቢያው ያህያ ጃሜህ በ2011 ለቢቢሲ ፈጣሪ ከፈቀደ ለቢሊዮን ዓመት እገዛለሁ ብለው ነበር። በ2016 ሲሸነፉ ደግሞ በስልክ ደውለው አሸናፊውን እንኳን ደስ ያለህ አሉ።

ጋምቢያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ታሪኩ ጠባይን ወደ ጎን ትቶ ሁኔታን ለማጥናት የሚመች ነው።

ጃሜህ በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ፣ 22 ዓመት የገዙ ሰው ናቸው። በዲሴምበር 1 ቀን 2016 ምርጫ በአዳማ ባሮው ተሸነፉ። በማግሥቱ በቴሌቪዥን እየታዩ ለባሮው ደወሉ፣ እየሳቁ ውጤቱን ተቀበሉ። ዓለም አጨበጨበ። በሳምንቱ፣ በዲሴምበር 9፣ ተመልሰው ምርጫውን አልቀበልም አሉ። በመካከሉ ምን ተፈጠረ? ሁለት ነገር። የምርጫ ኮሚሽኑ ቁጥሩን ሲያርም የባሮው ብልጫ ከ51 ሺህ አካባቢ ወደ 19 ሺህ አካባቢ ወረደ። አሸናፊው አልተቀየረም፣ ምክንያት ግን ተገኘ። ከዚያ የባሰው፣ አንዲት የአሸናፊው ጥምረት ከፍተኛ ፖለቲከኛ ጃሜህ በዓመት ጊዜ ውስጥ ለፍርድ እንደሚቀርቡ ለውጭ ጋዜጣ ተናገሩ። የጃሜህ መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። አዲሶቹ ደግሞ እንመለሳለን ይሉ ነበር። በሰውየው ቦታ ሆነው ያስቡት። ስልኩን ሲደውሉ ከፊታቸው የነበረው ጡረታ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የታያቸው እስር ቤት ነው።

ያ ቃለ መጠይቅ ባይሰጥ ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም ያልፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ለትንበያ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተሸናፊውን ብቻ ሳይሆን አሸናፊው የሚናገረውንም ይከታተሉ። ብዙ ተንታኞች ዓይናቸውን መሪው ላይ ተክለው ተቃዋሚው የሚያወጣውን መግለጫ አያነቡም።

የጃሜህ አጨራረስም ያስተምራል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር፣ ኢኮዋስ፣ ጦር አሰለፈ። ባሮው በጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የጋምቢያ ጦር አዛዥ በመጨረሻ ሰዓት አልዋጋም አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጃሜህ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ በረሩ። ያቺ አገር የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። መሸሸጊያ ሲመረጥ እንዲህ ያለው ነገር ይታሰብበታል።

በተቃራኒው ቤኒንን ይመልከቱ። ማቲው ኬሬኩ በ1972 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው አገሪቱን በማርክሳዊ መንገድ መሩ። በ1991 በምርጫ ተሸነፉ። ያለመከሰስ ዋስትና ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። በ1996 ተወዳድረው አሸነፉ፣ ተመልሰው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለፍትሕ የሚከራከር ሰው ይህን ሲሰማ ቢበሳጭ እውነቱን ነው። በዳዩን ይቅር ብሎ መሸኘት ተበዳዩን ያማል። እኔ አሁን የማወራው ግን የሚገባውን ሳይሆን የሚሆነውን ስለ መገመት ነው።

የዋስትና ነገር ከተነሳ፣ የዛሬ መሪዎች እንደዚያ ዓይነቱን ቃል እንደ ድሮው አያምኑም። የቺሊው የቀድሞ ወታደራዊ ገዢ አውጉስቶ ፒኖቼ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነው፣ ያለመከሰስ መብት ይዘው፣ በ1998 ለንደን ውስጥ ተያዙ። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር በ2003 ናይጄሪያ ጥገኝነት ሰጠቻቸው፣ በ2006 ተላልፈው ተሰጡ። እነዚህን ያየ መሪ «አትነካም» ሲባል በግማሽ ጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዋስትና አለ ወይ ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ ዋስትናውን የሚሰጠው አካል ነገ ቃሉን የመጠበቅ አቅም አለው ወይ ብለውም ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ ወደ ታዛዦቹ። ብቻውን ምርጫ የሚገለብጥ መሪ የለም። ቁጥር የሚቀይር ሰው ያስፈልገዋል፣ የሚፈርም ዳኛ ያስፈልገዋል፣ አደባባይ የሚወጣ ወታደር ያስፈልገዋል። ቺሊ በኦክቶበር 5 ቀን 1988 ፒኖቼ ይቀጥሉ ወይስ ይብቃቸው ብላ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች። 56 በመቶ ያህሉ ይብቃቸው አለ። ተቃዋሚዎች የራሳቸውን ትይዩ ቆጠራ ስላደራጁ ውጤቱን በዚያው ሌሊት ያውቁታል። መንግሥት ግን ቁጥሩን ጎትቶ ጎትቶ ነበር የሚያወጣው። እኩለ ሌሊት አልፎ የአየር ኃይሉ አዛዥ ፈርናንዶ ማቴይ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲገቡ ለጋዜጠኞች ተቃዋሚው እንዳሸነፈ ተናገሩ። ውስጥ ፒኖቼ ልዩ ሥልጣን የሚሰጣቸው ሰነድ አቅርበው ነበር፤ የሁንታው (አብረዋቸው የሚገዙት የጦር አዛዦች ቡድን) አባላት አንፈርምም አሉ። አለቀ። በዚያ ሌሊት ስለ ፒኖቼ ጠባይ የቱንም ያህል ቢያውቁ፣ የማቴይን አቋም ካላወቁ ትንበያዎ አይያዝም ነበር።

ልብ ይበሉ፣ ፒኖቼም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልወጡም። ሕገ መንግሥቱ እስከ 1998 የምድር ጦሩ አዛዥ ሆነው እንዲቆዩ ፈቅዶላቸዋል።

ብራዚል ውስጥ ያስቆመው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ነው። በ2022 የቦልሶናሮ ፓርቲ በታችኛው ምክር ቤት 99 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። የተመረጡት በእነዚያው ማሽኖች ነው። ፓርቲው ከተሸነፈ በኋላ ማሽኖቹ ችግር ስላለባቸው የሁለተኛው ዙር ድምፅ በከፊል ይሰረዝ ብሎ አመለከተ። የምርጫ ፍርድ ቤቱ ዳኛ መልስ አጭር ነበር፤ ያው ማሽን በመጀመሪያው ዙርም ሠርቷልና የእሱንም ጨምራችሁ አቅርቡ። ፓርቲው አልጨመረም፣ ምክንያቱም የራሱ እንደራሴዎች መቀመጫ አብሮ ይሄዳል። አቤቱታው ውድቅ ሆነ፣ 22.9 ሚሊዮን ሬያል ቅጣትም ተጣለ። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለኪያ እወስዳለሁ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሣጥን ያሸነፉ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ስንት ናቸው? ብዙ ከሆኑ መሪው ብቻውን የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። አሜሪካም በ2020 ትራምፕ ሲሸነፉ ፓርቲያቸው በታችኛው ምክር ቤት መቀመጫ ጨምሯል። ጆርጂያ ላይ ከ12 ሺህ በታች የነበረውን ልዩነት ሸፍኑልኝ ሲሉ እምቢ ያሏቸው የራሳቸው ፓርቲ ባለሥልጣን ናቸው።

ታዛዥ ሲገኝ የሚሆነውን አይቮሪ ኮስት አሳይታለች። በ2010 የምርጫ ኮሚሽኑ አላሳን ዋታራ 54.1 በመቶ አግኝተው አሸንፈዋል አለ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ የሰሜኑን ክፍል ብዙ ድምፅ ሰርዞ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሎራን ባግቦ አሸነፉ አለ። ምክር ቤቱን ይመሩ የነበሩት የባግቦ ወዳጅ ናቸው። ጦሩም ከባግቦ ጎን ቆየ። ባግቦ እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 2011 አልወጡም፤ የወጡትም ተይዘው ነው። 3 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ከምርጫው በፊት የሁለት ተቋማትን አለቆች ስምና ዝምድና ብቻ ያጣራ ሰው አደጋው ይታየው ነበር። ስለዚህ መሪው በአደባባይ ከሚናገረው ይልቅ በመጨረሻው ዓመት ማንን ሾመ፣ ማንን አነሳ የሚለውን ቢከታተሉ ይሻላል።

ስለ ቆጠራው ፍጥነት ብዙ አልልም፣ ነገሩ ቀላል ነው። ቁጥር ቶሎ ሲወጣ ለሸፍጥ ጊዜ አይኖርም። ዚምባብዌ በ2008 የመጀመሪያውን ዙር ፕሬዚዳንታዊ ውጤት ለመናገር ከአንድ ወር በላይ ፈጀባት። ሲነገር ተቃዋሚው ሞርጋን ቻንጊራይ 47.9 በመቶ፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሮበርት ሙጋቤ 43.2 በመቶ ነበር። ሁለተኛው ዙር በደም ታጠበና ቻንጊራይ ራሳቸውን አገለሉ። በአንጻሩ ናይጄሪያ በ2015 ውጤቱ በየክልሉ እየተነበበ፣ ሕዝቡ በቴሌቪዥን እየደመረ፣ ፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን ይፋዊው ድምር ሳያልቅ ለሙሐማዱ ቡሃሪ ደወሉ።

የድምፅ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ መሪው አይለቅም የሚባለውን ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። የላይቤሪያው ጆርጅ ዊሃ በ2023 ከ2 በመቶ ባነሰ ልዩነት ተሸንፈው ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ተቀበሉ። ጠባብ ልዩነት ሰበብ ይሰጣል። ሰበቡን መጠቀም አለመጠቀሙን የሚወስኑት ከላይ ያልኳቸው ሁለቱ ነገሮች ናቸው።

አንድ ወጥመድም ልጠቁምዎት። ተሸንፈው የለቀቁትን ብቻ ቆጥረው «ብዙዎቹ ይለቃሉ» አይበሉ። መሸነፉ በይፋ የተነገረበት መሪ ቀድሞውኑ ኮሚሽኑን ሙሉ በሙሉ ያልያዘ መሪ ነው። መልቀቅ የማይፈልገውና አቅም ያለው ግን ሽንፈቱ እንዲነገር አይፈቅድም፤ ተፎካካሪውን ያግዳል፣ ያስራል ወይም ቁጥሩን ቀድሞ ያበጀዋል። እምቢታው ከምርጫው በፊት አልቋል ማለት ነው። ኦርቴጋ በ2021 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሌላው ደግሞ የመጀመሪያውን ምላሽ እንደ መጨረሻ መውሰድ ነው። ጃሜህ ከእሺ ወደ እምቢ ሄዱ። የዛምቢያው ኤድጋር ሉንጉ በ2021 መጀመሪያ ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ አልነበረም አሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ግን በቴሌቪዥን ቀርበው ሃካይንዴ ሂቺሌማን እንኳን ደስ አለዎት አሉ። ልዩነቱ አንድ ሚሊዮን ድምፅ ገደማ ነበር። ሥልጣን በምርጫ መቀያየርም ለዛምቢያ አዲስ አይደለም፤ በ1991ም በ2011ም ተሸናፊ ፕሬዚዳንት አስረክቧል።

መቶኛውን በተመለከተ፣ እኔ የምጠቀምበትን ልንገርዎት፤ የግሌ ግምት እንጂ የጥናት ውጤት አይደለም። የምነሳው ከአገሪቱ ታሪክ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከዚህ በፊት በሥልጣን ላይ ያለ መሪ ወይም ፓርቲ ተሸንፎ ካስረከበ፣ «ይለቃል» ለሚለው 85 እሰጣለሁ። ተፈጽሞ የማያውቅ ከሆነ 55 አካባቢ። ከዚያ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ክስ የሚጠብቀው ከሆነና ተቃዋሚው በቅስቀሳው ላይ እስርን እየዛተ ከሆነ 20 ያህል እቀንሳለሁ። የጦሩና የፍርድ ቤቱ አለቆች የቅርብ ሰዎቹ ከሆኑ ሌላ 20። ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ የሚለጠፍና ታማኝ ትይዩ ቆጠራ ያለ ከሆነ 10 እጨምራለሁ። ፓርቲው በዚያው ምርጫ ሌላ ብዙ ወንበር የሚያገኝ ከመሰለ እንደገና 10። «ተሸንፌያለሁ ይላል» ለሚለው ደግሞ የተለየ ቁጥር እጽፋለሁ፣ እዚያ ላይ የድሮ ንግግሩ ብዙ ይመዝናል፤ የጠባይ ዕውቀትዎም የሚጠቅመው እዚያ ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች ከነቀነ ገደባቸው፣ ለምሳሌ «በ72 ሰዓት ውስጥ» ወይም «እስከ በዓለ ሲመቱ ቀን» ብለው ከምርጫው በፊት ወረቀት ላይ ያስፍሯቸው፤ አለዚያ በኋላ «ብዬ ነበር» ማለት በጣም ይቀላል።

የቆጠራው ሌሊት ላይ ቁጥሩን ለመከለስ ሁለት ነገር ብቻ ይጠብቁ። አንዱ፣ እየወጣ የነበረው ውጤት ያለ በቂ ምክንያት ከቆመ ቶሎ ይቀንሱ። ሌላው፣ መሪው ዝም ባለበት ሰዓት ለአሸናፊው የመጀመሪያውን የደስታ መልእክት የላከው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ብራዚል ውስጥ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ የቦልሶናሮ አጋር የነበሩት አርቱር ሊራ፣ ውጤቱን የተቀበሉት በዚያው ምሽት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከመሪው ሠፈር ከወጣ፣ መሪው ገና አፉን ባይከፍትም፣ «ይለቃል» የሚለውን ቁጥርዎን ከፍ ያድርጉት።